የድመቷ ዱዓ

ባለፈው ዓርብ የልጄ ልጅ በጫማ ካርቶን የድመት ግልገል ይዛ መጣች። ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ድመት ምን እንደምትሠራ አላውቅም፤ ያን ሁሉ ደረጃ የሚወጣ ጉልበት ያለው አይጥ ያለ አይመስለኝም። ልጅቷ ግን ቆርጣለች። እናቷ «መጀመሪያ እቴቴ ዱዓ ታድርግላት» አለችና ካርቶኑን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። እንደ ወጉ መዳፌን የግልገሏ ግንባር ላይ አደረግኩ። ከጸጉሯ ሥር ያለችው አጥንት ባቄላ ብታህል ነው፤ ትሞቃለች፣ ትንቀጠቀጣለች። ዱዓውን አልኩ። ሁሉም «አሚን» አሉ። እጄን ግን ማንሳት አቃተኝ።

«እቴቴ፣ ጨረስሽ?» አለችኝ ልጅቷ።

አልጨረስኩም ነበር። ለምን እንዳልጨረስኩ ልንገራችሁ፤ ይህንን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ወሎ ሰፈር ያኔ እንደ ዛሬው ሆቴል በሆቴል አልነበረም። ከቦሌ መንገድ ወረድ ሲባል የጭቃ ቤት፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ክረምት ሲሆን ደግሞ ጫማ የሚያስቀር ጭቃ ነው። የእኛ ቤት ሁለት ክፍል ነበረች፤ ሳሎንና ጓዳ። ኮርኒሱ ኖራ የተቀባ አቡጀዲ ጨርቅ ነው። አባቴ የተሳቢ መኪና ሹፌር ነበር፤ ከአሰብ አዲስ አበባ ሲመላለስ ወገቡን የጨረሰ። ከጓዳው በላይ፣ በአቡጀዲውና በቆርቆሮው መካከል፣ እንጨቶቹ ላይ ጣውላ ደርድሮ የመኪና ዕቃውን የሚያኖርበት ቆጥ ሠርቶ ነበር። ወደዚያ የሚወጣ ሰው ቁምሳጥኑ ላይ ይቆምና ጥጉ ላይ የአቡጀዲውን ስፌት ገልጦ ይገባል። ስፌቱ ሲመለስ ግን የማያውቅ ሰው ኮርኒስ እንጂ ሌላ አያይም።

ወንድሜ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው ያ ቆጥ ቤቱ ሆነ።

ዘመኑ የአፈሳ ዘመን ነው። ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ስም ይጠራል፤ ተጠርቶ የቀረውን ከኳስ ሜዳ፣ ከአውቶቡስ ፌርማታ፣ ከጁምዓ ሶላት መልስ እየለቀሙ ይወስዱታል። እናቶች ልጆቻቸውን ዳቦ ግዛ ብለው መላክ ፈርተው ነበር። አባቴ ደግሞ ሌሎች አባቶች ያላዩትን አይቷል። አንድ ጊዜ ከነመኪናው ለጦሩ ሥራ ወስደውት ከሰሜን ሲመለስ ምን ጭኖ እንደመጣ ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁ።

«ጫማ» አለ። «የወታደር ጫማ፤ የተጫሙት። ታጥቦ ለሌላ ልጅ ሊሰጥ ነው። እስከ አፉ ሞልተው ጫኑብኝ።»

በማግስቱ ለጎረቤት ሁሉ «ልጃችን ደሴ፣ አጎቱ ጋ ሄደ» ተባለ።

የወንድሜ ሥራ ዝም ማለት ሆነ። ሲያስለው አፉን በጋቢ ያፍናል፤ መገላበጥ ሲፈልግ ጣውላው እንዳይጮህ ይተወዋል። ቤታችን ግን አንድ ጸጋ ነበራት፤ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ቅርብ ነው። አውሮፕላን ሊያርፍ ሲመጣ ቆርቆሯችን ይርገበገባል፣ ብርጭቆ ከብርጭቆ ይጋጫል፣ አጠገብ ለአጠገብ የቆመ ሰው አይሰማማም። ያኔ ወንድሜ ያስላል፣ ያስነጥሳል፣ ይገላበጣል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ያጠራቀመውን ድምፅ ሁሉ በዚያች ደቂቃ ያወጣዋል። አውሮፕላኑ ሲያልፍ መልሶ ጸጥ። እኔ አልጋው ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ወደ ላይ አያለሁ። በጣሪያው የሚስማር ቀዳዳ የገባው ፀሐይ በጣውላዎቹ መካከል አልፎ አቡጀዲው ላይ ትንንሽ ብርሃን ይጥላል፤ ብርሃኑ ሲጠፋ ወንድሜ ቦታ መቀየሩን አውቃለሁ። እስከ ዛሬ አሮጌ አቡጀዲ በሸተተኝ ቁጥር፣ ያ የኖራና የአቧራ ሽታ፣ ቀና ብዬ ጣሪያ አያለሁ።

ችግር የሆነው አይጥ ነው። ቆጡ ከዱሮም የአይጥ አገር ነበር። ተኝቶ ጆሮውን ነከሱት፤ እንዳይመታቸው ድምፅ አለው፣ እንዳይተዋቸው ጆሮ አለው። አንድ ቀን አንገቱን በስፌቱ አወጣና «አባባ፣ ደርግን በአላህ እርዳታ እችለዋለሁ፤ አይጡን ግን አልቻልኩትም» አለ። በዚያ ሰሞን አባቴ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በሳምንቱ፣ ወደ አሰብ በሚወጣበት ጠዋት፣ አባቴ ከጋራዥ አንዲት ግራጫ ድመት በካፖርቱ ሸጉጦ መጣ። ናፍጣ ናፍጣ ትሸታለች። መኪናው ዋናው መንገድ ላይ ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሟል፤ ረዳቱ ጥሩንባውን ይነፋል። አባቴ ከደጃፉ እንኳ አላለፈም። ድመቷን በእጄ ሰጠኝና እንዲህ አለኝ፦

«እንስሳ ቤት ሲገባ ግንባሩ ተይዞ ዱዓ ይደረግለታል። ኸይሯን፣ በጎዋን ለምኚ፤ ከሸሯ፣ ከክፋቷ በአላህ ተጠበቂ። ቁርአን ቀርተሽ ያከተምሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺ አድርጊላት።»

ይህንን ብሎ ወደ መኪናው ሮጠ።

እውነቱን ልናገር፤ ዱዓውን አላውቀውም ነበር። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። በሰፈሩ ቁርአን ቤት ከሴቶቹ ቀድሜ ያከተምኩት እኔ ነኝ፤ እናቴ በሄደችበት ሁሉ ታወራልኛለች፣ እኔም ኩራቴ ለብቻው ወንበር ይፈልግ ነበር። የመብሉን፣ የመኝታውን፣ የመንገዱን ዱዓ እንደ ውሃ ጠጥቼዋለሁ። የእንስሳውን ግን ማንም አላስተማረኝም። «አላውቀውም፤ ሸኻችንን ጠይቄ ልምጣ» ማለት ነበረብኝ። እናቴ መዳፎቿን ዘርግታ አሚን ልትል ትጠብቃለች፤ ላይ ደግሞ ወንድሜ ያዳምጣል። አፈርኩ። የድመቷን ግንባር ያዝኩና መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣውን ለቀቅኩት።

የመጣው የመንገዱ ነበር። አባቴ መኪናው ላይ በወጣ ቁጥር የምልለት፤ ይህንን የገራልን ጌታ ጥራት ይገባው ብሎ የሚጀምረው፣ ወደ ጌታችን ተመላሾች ነን ብሎ የሚያልቀው። የመኪና ዱዓ ለድመት! እናቴ ዐረብኛውን አታውቀው፤ «አሚን፣ አሚን፣ ያ ረቢ» ብላ ፊቷን በመዳፏ አበሰች።

ወዲያው አውሮፕላን መጣ። በድምፁ መሀል ወንድሜ ከላይ ሲስቅ የሰማሁ መሰለኝ። ምን አሳቀው ብዬ ግን አልጠየቅኩም፤ የሚጠይቅ ፊት አልነበረኝም።

ድመቷ የመጣችበትን ጉዳይ በጥቂት ቀን ጨረሰች። ከአይጦቹ በኋላ ወንድሜን ያዘች። ደረቱ ላይ ካልሆነ አትተኛም። ምሳውን ሳቀብለው በሹክሹክታ «ይቺ ባትኖር አብድ ነበር» ይለኛል። ጣውላውን በጥፍሩ ጫር ሲያደርግላት ካለችበት ትመጣለች፤ ከአልጋው ወደ ሳጥኑ፣ ከሳጥኑ ወደ ቁምሳጥኑ፣ ከቁምሳጥኑ ወደ ላይ። ስፌቱ ተዘግቶ ካገኘችው ቁምሳጥኑ ላይ ቁጭ ብላ፣ ቀና ብላ፣ እስኪከፍትላት ትጠራዋለች። ይህንን ልማዷን ሁላችንም እናያለን፤ እንስቅባታለን። ምን ሊያመጣ እንደሚችል ያሰበ ግን አልነበረም። እናቴም፣ እኔም፣ እሱም።

አንድ እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዎች መጡ። ሁለቱ ጠመንጃ የያዙ የቀበሌ ጥበቃዎች ናቸው፤ ሦስተኛው ካኪ የለበሰ፣ ስም የሚጠራው ሰው። ስኳር ለመውሰድ ስንሰለፍ የምናውቀው ሰው ነው።

«ልጁ ደሴ የለም» አለ ካኪ የለበሰው። «አጣርተናል።»

«አጎቱ ጋ ነው፤ ወላሂ» አለች እናቴ። እናቴ በአላህ ስም በሐሰት ስትምል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ለሷ ይህ ምን ማለት እንደነበር የገባኝ ስታረጅ ነው፤ ለዚያች አንዲት መሐላ ስንት ቀን እንደጾመች።

ፈተሹ። አልጋውን አነሱት፣ ሳጥኑን ገለበጡት፣ ቁምሳጥኑን ከፍተው ልብሱን አወጡት፣ የእህሉን ጆንያ ወጉት። ምንም የለም። ካኪ የለበሰው ሰው ላቡን ጠርጎ ውሃ ጠየቀ። እናቴ በብርጭቆ ሰጠችው። ጨርሰዋል፤ አንደኛው ጥበቃ አንድ እግሩ ደጅ ነበር። እኔ በሆዴ አልሐምዱሊላህ ማለት ጀምሬአለሁ።

ድመቷ ከጓሮ ገባች።

አልጋው ላይ፣ ሳጥኑ ላይ፣ ቁምሳጥኑ ላይ። ቁጭ አለች። ቀና ብላ ስፌቱን እያየች ጮኸች። መልስ ስታጣ ደግማ ጮኸች፤ ከዚያ ተነሥታ በፊት እግሯ አቡጀዲውን መታ መታ አደረገችው።

«ምን አገኘች?» አለ ሰውዬው፣ ብርጭቆውን ከአፉ ሳያርቅ።

«አይጥ ነው» አለች እናቴ።

«ድመት አይጥን ለምና አትጠራም» አለ።

አውሮፕላን እንዲመጣ ለመንኩ። እንዲያ ከልቤ ለምኜ አላውቅም። አልመጣም።

አፈሙዙ አቡጀዲውን ሲነካው ከላይ «አትውጉ፤ እወርዳለሁ፤ እናቴን አትንኳት» የሚል ድምፅ መጣ። አራት ወር ሙሉ በሹክሹክታ ብቻ ነበር የማውቀው፤ ድምፁ ለካ የትልቅ ሰው ሆኗል። ሲወርድ እግሩ አልቆመለትም። ፊቱ እንደ አቡጀዲው ነጥቷል፣ ጺሙ ላይ የሸረሪት ድር አለ። ድመቷ አብራው ወርዳ በቁርጭምጭሚቱ ትታከካለች። ጎንበስ ብሎ አነሳትና «ያዣት» ብሎ ሰጠኝ። ሰውዬው የተረፈውን ውሃ ጨርሶ ጠጣና ብርጭቆውን ለእናቴ መለሰላት። «እግዜር ይስጥልኝ» አላት። ይህችን ምስጋናውን እስክሞት አልረሳትም።

ከሰፈሩ ልጆች ጋር ቀበሌው ግቢ ውስጥ ሦስት ቀን አቆዩት። በሁለተኛው ቀን ከእናቴ ጋር ምሳ ይዤለት ሄድኩ። እናቴ ሳህኑን እንዲያስገቡላት ዘበኛውን ስትለማመጥ፣ ወንድሜ ወደ ሽቦ አጥሩ ተጠጋ። ሁለት ቀን ውስጤ ሲበላኝ የከረመውን አፈረጥኩለት።

«የድመቷን ዱዓ አላውቀውም ነበር» አልኩት። «የመንገዱን ነው ያልኩላት። አንተን መንገድ ያወጣሁህ እኔ ነኝ።»

ሳቀ። እዚያ ቦታ፣ በዚያ ሰዓት፣ ከልቡ ሳቀ። «ሰምቼሻለሁ እኮ! መኪና የገዛን ነው የመሰለኝ። አውሮፕላኑ እስኪመጣ ጋቢ ነክሼ ስጠብቅ ልፈነዳ ነበር።»

ማልቀሴን ሲያይ ሳቁን ተወው። «አብሽሪ» አለኝ። «እኔ ያኔውኑ ከላይ ሆኜ ትክክለኛውን ብዬላታለሁ። የቀረ ነገር የለም። ያንቺ ጥፋት አይደለም።»

«ታዲያ ለምን አጋለጠችህ?»

«ናፍቄያት ነዋ» አለ። «ይሄ ኸይሯ ነው፤ ሸሯ አይደለም።»

ከዚያ ሁለት ጣቱን በሽቦው ቀዳዳ አሾለከና ግንባሬ ላይ አደረጋቸው። ጣቱ ቆጡን ቆጡን፣ አቧራ አቧራ ይሸታል። «ተከተይኝ» አለኝ። ቃል በቃል አስቀራኝ። ስሳሳት ያቆመኛል፣ ከመጀመሪያው ያስጀምረኛል። ሦስት ጊዜ። ዘበኛው «ምንድነው የምታነበንብላት?» ሲለው «የድመት ነው» አለው፤ ዘበኛው ያሾፈበት መስሎት አባረረን። ዱዓውን እንግዲህ ሸኻችን አይደለም ያስተማረኝ፤ ወንድሜ ነው። እስከ ዛሬ ስለው በእሱ ድምፅ ነው የሚመጣልኝ።

ከላይ ሆኖ በእውነት ብሎላት እንደሆነ፣ ወይስ እኔን ሊያጽናና ያለው እንደሆነ፣ አላውቅም። ብሎላት ከሆነ ዱዓው ደርሶ ድመቷ ግን ያደረገችውን አደረገች፤ ካላለላት ደግሞ ጥፋቱ እኔው ላይ ነው። ሁለቱንም እየመዘንኩ አርጅቻለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኦራል የጦር መኪና መጣ። እናቶች ከአጥሩ ውጪ ተሰብስበዋል፤ ጮክ ብሎ ማልቀስ ተከልክሏል። ልጆቹን ጫኑ። ወንድሜ ከኋላ፣ ከዳር ቆመ። እናቴ ትከሻዬን ይዛ ገፋችኝ። «የመንገዱን ዱዓ በይለት። አንቺ ትችያለሽ፣ በይለት ልጄ!»

አፌን ከፈትኩ። አልወጣም። ለድመቷ እንደ ውሃ የፈሰሰው ዱዓ ለእሱ አልወጣም አለ። ምላሴ ታሰረ። አንዴ ሳስብ ያለቦታው ስላልኩት ዱዓው ተቀየመኝ እላለሁ፤ አንዴ ደግሞ ፍርሃት ነው እላለሁ፤ ካልኩለት ይሄዳል፣ ካላልኩለት ምናልባት ይቀራል የሚል የልጅ ፍርሃት። ወንድሜ አፌን እያየ ጠበቀኝ። መኪናው ሲነሳ ግን ሁለት ጣቱን አንስቶ የራሱን ግንባር ነካ አደረገልኝ። መኪናው ዞረ፤ ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

አባቴ ከአሰብ የተመለሰው ከሳምንት በኋላ ነው። ባዶውን ቆጥ አየ፣ ቁምሳጥኑ ላይ ቁጭ ብላ ወደ ላይ የምታየውን ድመት አየ። ማንም ሳይነግረው ገባው። «ያመጣኋት እኔ ነኝ» አለ። እናቴ «አይጥ ነው ባልል ኖሮ» አለች። አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ዱዓ አድርገሽላት ነበር?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። «እንግዲያስ የአላህ ውሳኔ ነው» አለና ካፖርቱን ሳያወልቅ ቁጭ አለ። ያችን ሐሰት እንደያዝኩ አባቴን ቀበርኩት።

ድመቷን ጠልቻት ነበር። አንድ ቀን በመጥረጊያ ስመታት እናቴ እጄን ያዘችኝ። «አትንኪያት» አለች። «የልጄን ደረት ታውቀዋለች።» ከዚያ ወዲህ እናቴ ድመቷን ደረቷ ላይ ታስተኛት ጀመር።

ሁለት ደብዳቤ መጣ፤ በሁለቱም መጨረሻ ላይ «ለመኪናችን ሰላም በሉልኝ» ይላል። ድመቷን ማለቱ ነው፤ እናቴና አባቴ ግን አባቴ የሚነዳውን መኪና መሰላቸው። ሦስተኛ ደብዳቤ አልመጣም። ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ጦር በደሴ መንገድ በእግሩ ሲገባ፣ እናቴ ላምበረት ሄዳ ከመንገዱ ዳር ትውላለች። ፊት አታይም ነበር፤ አብሬያት ስሄድ አይቻታለሁ። አጎንብሳ የሚያልፉትን እግሮች ነው የምታየው። አባቴ የነገራት ጫማ ከልቧ አልወጣም።

እና ባለፈው ዓርብ እጄን ያላነሳሁት ለዚህ ነው። የግልገሏን ድርሻ ብያለሁ፣ አሚን ተብሏል። የቀረብኝ የወንድሜ ነው።

«እቴቴ፣ ጨረስሽ ወይ?» ልጅቷ ካርቶኑን ትጎትታለች።

ሰሚትም አውሮፕላን ያልፍበታል። ከሩቅ ሲመጣ ሰማሁት። ጠበቅኩ። መስኮቱ መርገብገብ ሲጀምር፣ ልጄና የልጄ ልጅ እርስ በርስ መሰማማት ሲያቅታቸው፣ የመንገዱን ዱዓ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብዬ አልኩለት። ምላሴ አልተያዘም። ዕንባዬ መጣ፤ እሱንም ለቀቅኩት፣ ድምፅ አውጥቼ። አውሮፕላኑ ሲያልፍ ጸጥ አልኩ።

«አሁንስ ጨረስሽ?» አለችኝ።

«ጨረስኩ» አልኳትና እጄን ከግልገሏ ግንባር አነሳሁ።